ከሰማያዊው ቀለም ሥር

ልጄ እንዲጠላኝ ስለት የተሳልኩ እናት እኔ በለጠች ነኝ። አዎ፣ ይጥላኝ ብዬ! ለቁልቢው ገብርኤል ጃንጥላ አገባለሁ፣ ብቻ ናሁሰናይ እኔንም አባቱንም ዓይናችሁን አያሳየኝ ብሎ የሄደ ይሁን ብዬ። አብዳለች ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ፣ ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ያሻችሁን በሉኝ።

ነገሩ የተጀመረው ሰማታር ያንን ብረት በጋሪ አስጭኖ፣ ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ ያራገፈው ዕለት ነው። ሰማታር ከዚራ ሰፈር ካፌ ሊከፍት የተነሳ ነጋዴ ነው። ልጅ እግር ነው፣ ጨዋም ነው፣ ግን ስልኩ ላይ ያየውን ሁሉ ካላደረግኩ ይላል። ብረቱን ገና ሳየው አወቅኩት። ድሬ ያደገ የእኔ ዕድሜ ሰው የማያውቀው የለም፤ ሳንቲም በሊታው ነው። ድሮ ባቡር ጣቢያው ቡፌ በር ላይ ይቆም ነበር። ሳንቲም ትከትበታለህ፣ እጀታውን ትስባለህ፣ የቀዘቀዘ ለስላሳ ከነጠርሙሱ ተንከባሎ ይወጣል። ይወጣል ሲባል ነው እንግዲህ! ግማሹን ጊዜ ሳንቲሙን ውጦ ጭጭ ይላል። ባሌ ክፍሉ እኔን ለማግባት ደጅ ሲጠና፣ አንድ እሑድ ለስላሳ ልጋብዝሽ ብሎ ወሰደኝ። ማሽኑ ሳንቲሙን ሲበላበት እኔ ፊት አፈረና በቡጢ ቢነርተው የገዛ ጣቱን ሰበረ። ለስላሳውን ሳልቀምስ ሐኪም ቤት ይዤው ሄድኩ። ትዳራችን የተጀመረው እንደዚያ ነው።

ባቡሩ ሲቆም ማሽኑም ሥራ ፈታ። ጣቢያው አጠገብ ያለ ባለሱቅ ገዝቶ ደጃፉ ላይ አቆመውና የሳሙናና የብስኩት መደርደሪያ አደረገው። በየጊዜው ደግሞ ያስቀባዋል። እኛ ግቢ ሲመጣ ቢጫ ነበር፤ ጎኑ ላይ የሞባይል ካርድ አለ ተብሎ ተጽፎበታል። ቢጫው በተላጠበት ነጭ ይታያል፣ ነጩ በተላጠበት ደግሞ ሰማያዊ።

"አባባ ክፍሉ፣" አለ ሰማታር፣ "ቀለሙን በሙሉ አንሳልኝ። ራቁቱን ብረት እስኪሆን። ከዚያ ቀይ አስረጨዋለሁ። ወላሂ፣ ሰው ሁሉ እሱ አጠገብ ነው ፎቶ የሚነሳው!"

ክፍሉ አልሰማውም። ባሌ ዕድሜውን በምድር ባቡር ጥገና ፉርጎ ሲቀባ የኖረ ሰው ነው፤ ቀለም ካየ ሰው አይሰማም። ጎንበስ ብሎ ያንን ሰማያዊ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል።

"በለጡ፣" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ይሄ የናሁ ሰማያዊ ነው።"

 የግቢያችንን የኒም ዛፍ ግንድ ይዤ ቆምኩ።

ናሁሰናይ አንድ ልጃችን ነው። ሙያውን ከአባቱ ነው የተማረው፤ ቤት ይቀባል፣ በር ይቀባል፣ ያገኘውን ይቀባል። ድሬ ጠበበችው። ታህሪብ ልሂድ አለ። ታህሪብ እኛ ዘንድ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ፣ በጀልባ ወደ የመን ተሻግሮ፣ ከዚያ ሳውዲ መግባት ነው። ክፍሉ እኔ በቁሜ አይሆንም አለው። ቃል ተወራወሩ። ናሁም "እንግዲያው ልጅ የለንም በሉ!" ብሎ በሩን በርግዶ ወጣ። በማግስቱ ለባለሱቁ ያንን ማሽን ሰማያዊ ቀብቶ ጨረሰለትና፣ ቤት ሳይመለስ በዚያው ሄደ። ስድስት ዓመት ሆነው።

ከዚያ ወዲህ አንዱ ጅቡቲ ጠረፍ ኦቦክ ላይ ጀልባ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ ይላል። አንዱ በዚያ ሰሞን የሰጠመች ጀልባ ነበረች ይላል። ሌላው ደግሞ ጅዳ ውስጥ ፂሙን አሳድጎ አየሁት ይላል። ሞተ እንዳንል መርዶ የለ፣ አለ እንዳንል ድምፅ የለ። የሞተ ልጅ እኮ ይለቀስለታል፣ ተዝካሩ ይወጣል፣ ሰው ያጽናናሃል። የእኔው ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር ይነሳል፣ "ይቅርታ ተሳስቼ ነው" ሲሉኝ ይሞታል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስቀብረውና ሳወጣው ኖርኩ። ጠላቴ አይየው።

አሁን የምነግራችሁን የምድር ባቡር ሰው ካልሆነ አያውቀውም። ፉርጎ ሲቀባ መጀመሪያ ይፋቃል። ከዚያ ዝገት እንዳይበላው ቀይ አንቲራስት ይቀባል፤ ዋናው ቀለም የሚመጣው ከዚያ በላይ ነው። ቀቢው ዋናውን ከማልበሱ በፊት ቀዩ ላይ ስሙን በምስማር ይጭራል። ከላይ መጻፍ ነውር ነው፤ ላዩ የኩባንያው ነው፣ ሥሩ ግን የቀቢው። ፉርጎው ከዓመታት በኋላ ለቀለም ሲመለስ የሚፍቀው ሰው ስሙን ያገኘዋል። ታዲያ ሕግ አለው። ፉርጎው ሲመለስ እኔው እቀባዋለሁ የሚል ሰው ስሙን ብቻ ጽፎ ይተወዋል። ሥራውን ለቆ የሚሄድ፣ ዳግም የማይመለስ ሰው ግን ከስሙ ሥር መስመር ያሰምራል። ሳያሰምር በመሃል የሞተ እንደሆነ፣ ጓደኞቹ ያን ፉርጎ ሲፍቁ ያሰምሩለታል፣ ከዚያም ቀለሙን ያለብሱታል። ናሁም ይሄንኑ ይዞ ነው ያደገው። የቤታችንን የሽንት ቤት በር ሲቀባ እንኳ ስሙን ሳይጭር አላለፈም፤ ስቄበት አውቃለሁ።

"ስሙ ከሰማያዊው ሥር አለ፣" አለኝ ክፍሉ ሰማታር እንደሄደ። "የዚያን ቀን እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። አስምሮ ከሆነ፣ እንዳለው ቆርጦን ሄዷል። ዝም ያለን ጠልቶን ነው። የሆነ ቦታ አለ። ይበላል፣ ይተኛል፣ ስማችን ሲነሳ ይሳደባል።"

"ካላሰመረስ?"

ክፍሉ ሰማያዊውን በመዳፉ ሸፈነው። "ካላሰመረ ሊመለስ አስቦ ነበር። ሊመለስ ያሰበ ልጅ ደግሞ ስድስት ዓመት ዝም አይልም፣ በለጡ።"

ይኸው ነው። አሁን ገባችሁ? ልጄ ጠልቶኝ ከሆነ አለ፤ ወዶኝ ከሆነ ባሕር በልቶታል። በማግስቱ ነው ስለቱን የተሳልኩት።

ሰማታር ቶሎ እንዲያልቅለት ብሎ ቀለም የሚያስለቅቅ ኬሚካል በጄሪካን አመጣ። ክፍሉ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና መልሶ ሰጠው። "ይሄ ሁሉንም ባንዴ ነው የሚበላው። እኔ አንድ በአንድ ነው የምፈልገው።"

"አቦ አባባ! የዛሬ ሰው እኮ በግራይንደር ባንድ ቀን ይጨርሰዋል።"

"እንግዲያው የዛሬ ሰው ፈልጋ!" አልኩት እኔ ከጓዳ። ልጁ ደነገጠ። ምን ያርግ፣ አያውቅም። በኋላ ክፍሉ ለብቻው ወስዶ ነገረው መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲያ መቼ ያልቃል ብሎ ጠይቆን አያውቅም። ሲመጣ በረዶ ውሃ ብቻ አስቀምጦልን ይሄዳል።

ክፍሉ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ኒሙ ጥላ ሥር ይቀመጥና ይጀምራል። ውሃ ውስጥ የነከረውን የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ቢጫውን ይፈገፍጋል፣ ያጥባል፣ ያያል፣ ደግሞ ይፈገፍጋል። ስሙ የት ጋ እንዳለ እንኳ አናውቅም። ፉርጎ ላይ ከበሩ በስተቀኝ ታች ነው የሚጻፈው ብሎ መጀመሪያ ቢጫውን እዚያ አነሳ፤ ከሰማያዊው ሥር ጭረት በጣቱ ቢፈልግ አላገኘም። ከዚያ ጀርባውን፣ ከዚያ ግራውን፣ ከዚያ እጀታው ሥር። እጁ ትንሽ ከጠነከረ ስሙንም አብሮ ይልጠዋል፤ ስለዚህ እንደ ሕፃን ገላ ነበር የሚያሸው። ሲያስል ይውላል። አፍህን በጨርቅ ሸፍን ብለው አይሰማም። እንዲያው ምን ዓይነት ግትር ነው እግዜር የሰጠኝ!

የጎረቤቴ የፋዱማ ግቢ ከእኛ ጋር በቆርቆሮ ነው የሚለየው። በአጥሩ ቀዳዳ እያየች፣ "በለጠች አቦ፣ ባልሽ ሁለተኛ ሚስት አገባብሽ እኮ፣ ያውም ብረት!" ትለኛለች። ሳቅኩና ነገርኳት። መስመሩን፣ ስለቱን፣ ሁሉንም። ፋዱማ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች።

"ያ ረቢ፣" አለች በመጨረሻ። "ለፍቅር ዱዓ አድርጌ አውቃለሁ፣ ለዝናብ ዱዓ አድርጌ አውቃለሁ። ለጥላቻ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ኢንሻአላህ ልጅሽ ይጥላሽ።"

"አሜን" አልኳት። ተቃቅፈን አለቀስን።

ቢጫው አለቀ፣ ነጩም አለቀ። ማሽኑ ሰማያዊ ሆኖ ግቢያችን መሃል ቆመ፣ ልጄ ትቶት እንደሄደው። ያን ቀን ክፍሉ ሥራ አልሠራም። እኔም እየዞርኩ ስነካው ዋልኩ። አንድ ቦታ ላይ ከብሩሹ የወጣ ፀጉር ቀለሙ ውስጥ ደርቆ ቀርቷል። "አየህ፣" አልኩት፣ "ሥራው ላይ ችኩል ነበር።" "ችኩል አልነበረም፣" አለኝ ተቆጥቶ። "ብሩሹ አሮጌ ሆኖበት ነው። እኔ ነኝ አሮጌ የሰጠሁት።" እንደዚያ ብሎ ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ ሰማያዊውን ጀመረው። እኔ መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። ሁለት ሦስት ቀን እንደምንም ቻልኩት። አንድ ጠዋት ግን የብርጭቆ ወረቀቱ ድምፅ ጥርሴን ሲነቅለኝ ዘንቢሌን አንስቼ ቀፊራ ገበያ ወረድኩ። የምገዛው ነገር አልነበረኝም። በርበሬ ስዳብስ፣ ሽንኩርት ስመርጥ፣ ነጋዴዎቹ "ወይ ግዢ ወይ ሂጂ" እስኪሉኝ ድረስ ቆየሁ።

ስመለስ ክፍሉ ማሽኑ ላይ ጆንያ ጥሎበታል። እሱ ኒሙ ሥር ተቀምጧል፣ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው። ሰማያዊ ቅርፊት መሬቱን ሞልቶታል። ጢሙ ላይ ደግሞ ቀይ ብናኝ አየሁ።

"ደረስክበት?" አልኩት። ዘንቢሉ ከእጄ ወደቀ።

"ደከመኝ በለጡ። ዛሬ አትግለጪው። ነገ አብረን እናየዋለን።" ዓይኔን አላየኝም። እንደዚያ አንገቱን ደፍቶ ያየሁት ናሁ "ልጅ የለንም በሉ" ያለን ማታ ነው።

እኔም በቃ ገባኝ። አስምሯል! ልጁ ቆርጦታል፣ አባትየው አፍሯል፣ ልቡ ተሰብሯል። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስታ ከእግሬ ጀምሮ ሽቅብ ወጣብኝ። ጆንያውን ገልጬ ማየት እንኳ አልፈለግኩም። ጥላቻውን በዓይኔ አይቼ ምን ሊያደርግልኝ? መኖሩ ይበቃኛል። ይጥላኝ! ጅዳ ሆኖ ይጥላኝ፣ ሚስት አግብቶ ይጥላኝ፣ ለልጆቹ አያት የላችሁም ብሎ ይንገራቸው!

ወደ ፋዱማ አጥር ሮጥኩና፣ "ፋዱማ! አለ! ልጄ አለ!" አልኳት። ዘላ ወጥታ አቀፈችኝ፣ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ክፍሉ እንዳይሰማ በእጄ ከደንኩት። ሥጋ አስመጣሁ። ክፍሉ የሚወደውን ሩዝ በሥጋ ሠራሁ። ስንት ጊዜዬ ነው ድስት ሳማስል ሳንጎራጉር! እሱ "ዕድሩ ጋ ደርሼ ልምጣ" ብሎ ወጣ። ሆዱን ለሰው ሊያወያይ ነው፣ ይሂድ አልኩ። ሲመለስ አቀረብኩለት።

"ብላ እንጂ! አባት ነህ፣ ልጅ አባቱን ይጠላል፣ ይታረቃል። ሰው በሕይወት ካለ ምን ይሆናል?"

ጎረሰ። አላመጠ፣ አላመጠ፣ አልወርድ አለው። በውሃ አወረደው። ደግሞ ጎረሰ። "ጥሩ ነው፣ እጅሽ አይለወጥም" አለኝ። ያን ሌሊት ስድስት ዓመት ያላገኘሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።

ስነቃ ክፍሉ የለም። ቤተ ክርስቲያን ሄዷል ብዬ ስለቴን እያሰብኩ ፊቴን ታጠብኩ። ጃንጥላው ቀይ ይሁን ወይስ ወርቅማ? ገና በደንብ አልነጋም። በሩ ተንኳኳ። ክፍሉ ቁልፍ ረስቶ ነው ብዬ እየተነጫነጭኩ ከፈትኩ።

የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። የዕድሩ ዳኛ አለ። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሰማታር ጥግ ላይ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ፋዱማ ፊቷን በሻሿ ጠቅልላለች። ክፍሉ ከሁሉም ኋላ ነው። ማንም እንደምን አደርሽ አላለኝም። እኔም በስንት ሰው በር ላይ በማለዳ እንደዚህ ቆሜ አውቃለሁ። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ ደጅህ ላይ ሲቆም ለምን እንደመጣ ማንም ሊነግርህ አያስፈልግም።

"ሂዱ!" አልኳቸው። "ተሳስታችኋል! የእኔ ልጅ አስምሯል! ትናንት አባቱ አይቶታል፣ ክፍሉ ንገራቸው!"

"የለም በለጡ፣" አለ ክፍሉ።

"ምኑ ነው የሌለው?"

"መስመሩ። መስመር የለም። ልጁ ሊመለስ ነበር።"

ሮጥኩ። ጆንያውን ገፍፌ ጣልኩት። በማሽኑ በር ላይ፣ ከሳንቲም መክተቻው በታች፣ ስንት ዓመት ሰው እጁን በሚዘረጋበት ቦታ ላይ ነው የጻፈው። ናሁሰናይ ክፍሉ። የናሁ "ና" እግሯ ሁልጊዜ ትንሽ ትጣመማለች፤ እዚህም እንደዚያው ናት። ከሥሩ ቀይ ብቻ ነው። ምራቄን ቀብቼ በአውራ ጣቴ ፈተግኩት። ተደብቆ ይሆናል፣ ቀጭን ይሆናል፣ ብዬ በጥፍሬ ፈለግኩት። የለም። ልጄ ተቆጥቶ ሳይሆን ተስፋ አድርጎ ነው የሄደው። ቀለሙ ሲያረጅ መጥቼ እኔው እቀባዋለሁ ብሎ ነው የሄደው።

ጩኸቴ ከየት እንደወጣ አላውቅም። ክፍሉ ሊይዘኝ ሲመጣ ደረቱን በቡጢ ደበደብኩት። "ትናንት ለምን አልነገርከኝም! ሩዝ አስቀቀልከኝ! አዘፈንከኝ! በልጄ ሞት ቀን አዘፈንከኝ!"

"አንድ ቀን ደስ ብሎሽ ትዋዪ ብዬ ነው፣" አለኝ። "አንድ ቀን ብቻ። ሌላ የምሰጥሽ አልነበረኝም።" እሱም እንደ ልጅ ጮኸ። አርባ ዓመት ስንኖር ክፍሉ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ድንኳን ተተከለ። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ወዴት ዞሮ እንደሚያለቅስ አያውቅም። ፎቶውን ወንበር ላይ አደረግን፣ ባለሱቁ ጋ ትቶት የሄደውን ያንን አሮጌ ብሩሹን አጠገቡ። ሰዉ ግን ከፎቶው ይልቅ ወደ ማሽኑ እየሄደ ነበር የሚያለቅሰው። በማያውቁት ብረት ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው "ወይ ናሁዬ" ሲሉ አየሁ። እኔም አልከለከልኳቸውም፤ የተገኘው መቃብር እሱ ነው።

ሰው ከተበተነ በኋላ ሰማታር መጣ። መቀመጥ አልፈለገም። "እማማ፣" አለኝ፣ "ማሽኑ እዚሁ ይቅር። አልፈልገውም።"

"ምን ላድርገው? ጠዋት ማታ እያየሁት ልሙት? ውሰደው። ግን የተቀባውን ቀይ አንቲራስት አታስነሳ፣ በላዩ ላይ አስረጨው።"

"ወላሂ አላስነሳም።"

ጋሪው ደጅ ቆሞ እየጠበቀ ሳለ ክፍሉ ከኪሱ ምስማር አወጣ። ድሮ ፉርጎ ላይ የሚጽፍበት ነው፤ ጫፉ ተስሏል። ማሽኑ ፊት ተንበረከከና ምስማሩን ከስሙ ሥር አስጠጋ። አነሳው። መልሶ አስጠጋ። ያ ስንት ፉርጎ ያለ ማስመሪያ የቀባ እጅ እምቢ አለው። ዞሮ አየኝ።

"ጓደኞቹ ናቸው የሚያሰምሩለት፣" አለኝ። "የኔ ልጅ ሌላ ማን አለው?"

ተንበረከክኩና ምስማሩን ከእጁ ወሰድኩ። በናሁ "ና" እግር ሥር ጀመርኩ። ብረቱ ሲጮህ አንጀቴን እየቆረጠ ነበር፣ ግን አላቆምኩም። እስከ አባቱ ስም መጨረሻ ድረስ ሳብኩት። ያን ሁሉ ቀን ቁልቢን የለመንኩትን መስመር በገዛ እጄ አሰመርኩት።